እናቴ ያሟሸችው ዲስክ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቢንያም የመኪናውን የፊት ፍሬን ዲስኮች ሊቀይር ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ወደምኖርበት ብሎክ መጣ። እሱ የሚኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። "ጋሼ፣ የእኛ ግቢ ጭቃ ነው፤ የእናንተ ይሻላል" አለኝ በስልክ። ለምን ጋራዥ አትወስዳትም ብለው "ምን አላት፣ እኔው እሠራታለሁ" አለ። የማን ዘር እንደሆነ ያስታውቃል። ስልኩን የተፈታው ጎማ ላይ አስደግፎ፣ አንድ ፈረንጅ ከስልኩ ውስጥ እያሳየው ብሎን ይፈታል። እኔ ከአራተኛ ፎቅ ሆኜ ብረት ከብረት ሲፋተግ ስሰማ ሻይዬን ትቼ ወረድኩ። ወርጄም አላረፍኩም፤ በግራ ዞሬ አየዋለሁ፣ በቀኝ ዞሬ አየዋለሁ።

"ጋሼ፣ አንድ ቦታ ይቀመጡ እንጂ፤ አዞሩኝ እኮ" አለኝ።

ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኪና ከተፈታ ተመልካች አይጠፋም። ቢንያም አዲሱን ዲስክ ከካርቶኑ ሲያወጣ ለተሰበሰበው ሰው የቤተሰባችንን ቀልድ ጀመረላቸው። "እኔ የተወለድኩ ዕለት አያቴ እንዲህ ያለውን ዲስክ እንደ ምጣድ በዘይት አሟሽታው ልትፈጀን ነበር። ጋሼ ባይኖሩ እኔም ዛሬ የለሁም።" ሁሉም ሳቁ። ምድር ቤት የምትኖረው ሴትዮ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ይህን ቀልድ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ በየፋሲካው፣ በየክርስትናው፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች እሷም አብራ ትስቅ ነበር፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና። እኔም እስቅ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን አልሳቅኩም፤ ሳቁ እምቢ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው አስፋልት ሽቅብ በምትወጣ አንዲት ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ከወሩ ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ለቤት የገዛት አንዲት አሮጌ ነጭ ዲኤክስ መኪና ነበረችን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ፣ ማመልከቻ ይዤ በየፋብሪካው በር እዞራለሁ። ዛሬ ና፣ ነገ ና ነው መልሱ። ቤት ስገባ መቀመጥ አልችልም። ደጅ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ፣ የተዘጋ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ የተከፈተውን እዘጋለሁ። እናቴ "ደሬ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኝ ነበር። ስሜ ደረጀ ነው፤ ደሬ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

ወሩ ሐምሌ ነበር። የአቃቂን የሐምሌ ጭቃ የማያውቅ ሰው ጭቃ አያውቅም። ጥቁሩ መረሬ ጫማ ላይ ይለጠፍና በእያንዳንዱ እርምጃ እየከበደ ይሄዳል፤ ቤት ስትደርስ ሌላ ጫማ ተጫምተህ የመጣህ ይመስልሃል። ታላቅ እህቴ አስካለ ናዝሬት ነበር ያገባችው። በእኛ ቤት ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነውና ቀኗ ሲቃረብ መጣች። እናቴ የገንፎውን ገብስ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ጨርሳለች። ቤቱ በሙሉ የኮሰረትና የኮረሪማ ሽታ ነው። ነገር ግን የጤና ጣቢያዋ ነርስ የአስካለን እግር እብጠት አይታ፣ "ቤት ውስጥ እንዳታስቡት። ምጥ እንደጀመራት ሳትቆዩ ሆስፒታል" ብላ አስጠንቅቃናለች። በዚያን ጊዜ ከአቃቂ መሀል ከተማ ለመድረስ፣ ያውም በክረምት፣ የራስህ መኪና ከሌለህ ለእግዜር ነው የምትሰጠው።

አባቴ መንገድ ሊወጣ ሲል ጠራኝና፣ "ፍሬኗ አልቋል፤ ስትይዛት ብረት ለብረት ነው የምትጮኸው። ዛሬውኑ ጋራዥ ውሰዳት። እህትህ ቀኗ ደርሷል" አለኝ።

ወሰድኳት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። የጋራዡ ሰውዬ የቆሙለትን መኪኖች በአገጩ አሳይቶ "ሰኞ ና" አለኝ። ከረቡዕ እስከ ሰኞ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ መጠበቅ ያቃተኝ ሰው። ደግሞስ ምጡ ሰኞን ይጠብቃል? ይህን ሰበብ አደረግሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር በእጄ ሠርቼ ማሳየት ነበር ያማረኝ። አባቴ ዲስክ ሲቀይር አይቼዋለሁ። አንድ ቀን። አንድ ቀን ያየ ሰው ደግሞ ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል።

ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ። ቃሊቲ የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ዲስኮቹን ያመጡልኝ፣ ክሪኩንም ያዋሱኝ እሳቸው ናቸው። ክሪኩን ሲያቀብሉኝ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"ሠርተህ ታውቃለህ?"

"አዎ።"

"ሰው ነው የምትጭንበት። ስትጨርስ ጥራኝ፤ እኔ ሳላያት ንቅንቅ እንዳትል።"

"እሺ ጋሽ ሰይድ።"

ሐሙስ ዕለት ጨርቄን ማቄን ሳልል ጀመርኩ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች አውልቄ መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ካሊፐሩን፣ ማለት ዲስኩን እንደ መንጋጋ ግራና ቀኝ ነክሶ የሚያቆመውን ብረት፣ ፈትቼ በሽቦ አንጠለጠልኩት። አሮጌዎቹ ዲስኮች ተበልተው ጠርዛቸው ቢላ ሆኗል። አንደኛው አልላቀቅ ብሎኝ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በመዶሻ ስነርተው ዋልኩ። እጄ ተላጠ፣ ግራሶው ክርኔ ድረስ ደረሰ። ሊመሽ ሲል ግን ሁለቱም አዳዲስ ዲስኮች ቦታቸውን ያዙ። እንደ መስታወት ጠርተዋል። የቀረኝ ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚጨብጠውን የፍሬን ሸራ አስገብቼ ካሊፐሩን መግጠም ብቻ ነው። ሸራውን ሳወጣው ለካስ ልኩ አይደለም። የገዛሁት ከሌላ ሱቅ ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ሱቅ የነበረው አልቆ። ዲስኮቹን እንደተገለጡ ትቼ ገባሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው።

ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አደረ። አርብ ጠዋት ሸራውን ላስቀይር ወደ ቃሊቲ ስወጣ ዲስኮቹን ዞሬ እንኳ አላየኋቸውም። ባለሱቁ አርፍዶ ከፈተ። እኔ ከሱቁ በር እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ስመላለስ አንዲት በቆሎ ጠባሽ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ና ብላ፣ መንገዱን ልትጨርሰው ነው" ብላ ትኩስ እሸት ሰጠችኝ። ቆሜ በላሁት። ምላሴን አቃጠለኝ። ቤት የደረስኩት ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው።

እኔ በሌለሁበት የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ ጠዋት ደጅ ወጥታ ስታይ ትናንት ሲያበራ የነበረው አዲስ ብረት ዝናብ መቶት ቀይ ዝገት ጀማምሮታል። ልጇ አንድ ቀን ሙሉ የደከመበት ነው። እናቴ አዲስ ብረት ምጣድ ስትገዛ ወዲያው በኑግ ዘይት ታሟሸዋለች፤ ያልተሟሸ ብረት ይዝጋል፣ ይይዛል፣ ዕድሜ የለውም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ በሷ ዘንድ የለም። ስለዚህ የኑግ ዘይቷንና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ወጣች። ሁለቱንም ዲስኮች፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ዝገቱን ፈግፍጋ፣ አጥግባ ቀባቻቸው። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ አስካለ ተመለሰች። ለእኔ ሳትነግረኝ የቀረችው ሊመሰገኑበት የሚገባ ነገር ስላልመሰላት ነው።

ስመለስ ዲስኮቹ ያብረቀርቃሉ። ከፋብሪካ የወጡበት ቅባት ነው ብዬ አለፍኩት። አሮጌው ሸራ ተበልቶ ስላለቀ የካሊፐሩ ፒስተን፣ ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋው ብረት፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፤ አዲሱ ወፍራም ሸራ እንዲገባ ፒስተኑን በትልቅ ካቻቢቴ ወደ ውስጥ ገፋሁት። በግራም በቀኝም እንደዚያ አደረግሁ። ካሊፐሩን አሰርኩ፣ ጎማ መለስኩ። የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቅሁ እናቴ በሩ ላይ ብቅ አለች።

"ደሬ፣ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።"

ጋሽ ሰይድን ለመጥራት ሮጥኩ። ቀኑ አርብ ነው፤ መስጊድ ሄደዋል። "እኔ ሳላያት ንቅንቅ እንዳትል" ያሉኝ ጆሮዬ ላይ አለ። አስካለ ደግሞ በእናቴ ትከሻ ተደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ እየመጣች ነው። ምን ልጠብቅ? አስገባናት። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። መኪናዋን አስነሳሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ፣ ቁልቁለቱን ጀመርን።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠፋ። ምንም ሳይገታው እስከ ወለሉ ገባ፤ አየር የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ከግራ በኩል ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ እየመጣ ነው። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎተትኩት። መኪናዋ በጭቃው ተንሸራታ አፍንጫዋን አስፋልቱ ላይ አድርጋ ቆመች። ተሳቢው ጡሩምባውን እያስጮኸ፣ ሊነካን አንድ ክንድ ሲቀረው፣ አለፈን። ንፋሱ መኪናዋን ወዘወዛት። አስካለ ጮኸች። እኔ መኪናዋ ከቆመችም በኋላ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ደግሜ እረግጣለሁ፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል።

"ፍሬን የለም። ፍሬን ምን ነካው?" አልኩ፤ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

እናቴ ከኋላ ቀስ ብላ፣ "ምናልባት ያ ብረት… ጠዋት ዘይት ቀባ አድርጌው ነበር። ዝናብ መቶት አሳዘነኝ። አሟሸሁት" አለች።

ወደኋላ ዞሬ የተናገርኩትን ዛሬም ቃል በቃል አውቀዋለሁ። "ልጅሽን ልትገድያት ነበር። ከነሆዷ። የማታውቂው ነገር ውስጥ እጅሽን ምን አስገባው? ምጣድ ነው? ሁሉ ነገር ምጣድ ነው አንቺ ዘንድ?" መስኮቱ ክፍት ነበር። የተሳቢውን ጡሩምባ ሰምተው የወጡት ጎረቤቶች ሁሉ ሰሙ። እናቴ እጆቿን አየቻቸው፤ ከዚያ ቀሚሷ ላይ ጠረገቻቸው፣ የታጠቡ እጆቿን።

"ተዋት። ንዳ" አለች አስካለ በጥርሷ መሀል።

ነዳሁ። ፍሬኑ አሁን መያዝ ጀምሯል፤ እየተንሸራተተም ቢሆን ይይዛል። በሁለተኛ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬኑን አልለቅ ብዬ፣ በየመኪናው ወረፋ መሀል እየተንፏቀቅሁ ነዳሁ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የተቃጠለ የኑግ ዘይት ሽታ ከጎማዎቹ እየተነሳ መኪናዋን ይሞላታል። ያ ሽታ እናቴን በያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ይከሳት ነበር። እኔም በመስታወቱ አያታለሁ፤ አይኗን ከአስካለ ፊት አላነሳችም። ሆስፒታል ደረስን። ሊመሽ ሲል ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ቢንያም። እናትም ልጅም ደህና ናቸው ተባለ። እናቴ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከደስታ ነው አልን።

በማግስቱ ቅዳሜ እህቴ ገና ከሆስፒታል ሳትመለስ ሰፈሩ በሙሉ ታሪኩን ሰምቷል። እናት ፍሬን አሟሸች፤ ወንድም በእጅ ፍሬን እህቱን አዳነ። ጋሽ ሰይድም ሰምተው መኪናዋን ሊያዩ መጡ። መጀመሪያ እሳቸውም ሳቁ። ዲስኮቹን በቤንዚን አጠብንና ከጎኔ ቆመው ጠየቁኝ።

"ዘይት ያለበት ፍሬን እግር ላይ ይጠነክራል፤ መኪናው ነው አልቆም የሚለው። አንተን እንዴት ሆነብህ?"

"ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ።"

ሳቃቸውን አቆሙ። "ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍተኸው ነበር?"

"አዎ።"

"ከዚያስ ሳትነሳ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ረገጥክ?"

ክው አልኩ። አልረገጥኩም። አባቴ ሲሠራ ያንን አላየሁም፤ ያኔ ከጋቢና ውጭ ነበርኩ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ከተገፋ በኋላ መልሶ ሸራውን እስኪገፋ ድረስ ፔዳሉ ባዶ ነው። አስፋልቱ አፍ ላይ በድንጋጤ ደጋግሜ ስረግጠው ነው ፍሬኑ የመጣው።

"ዘይት ፔዳል አያሰምጥም፣ ደረጀ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እርግጥ ዘይቱም መልካም አልሠራም። ግን አስፋልት ላይ ያወጣችሁ እሱ አይደለም። በል ግባና ለእናትህ ንገራት። ዛሬ።"

"እሺ" አልኩ። ገባሁ። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፤ አራሷ ስትመጣ ሊቀበሏት ነው። ገና ስገባ እልል አሉብኝ። አንዷ አንገቴን ይዛ "አንተ ባትኖር!" ብላ ሳመችኝ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ተቀብሎኝ አያውቅም። የፋብሪካ ዘበኛ ሲያባርረው የከረመ ሰው ነኝ። እናቴ ገንፎውን እያገነፋች ነበር፤ ቀና ብላ ሳታየኝ አንድ ሳህን አቀበለችኝ። ገንፎውን በላሁ። አልተናገርኩም።

በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። አራሷ ትውጣ አልኩ። አባቴ ይመለስ አልኩ። አባቴ ተመልሶ ታሪኩን ሰማ፤ በክርስትናው ዕለት ለካህናቱ እያስመሰለ ሲያወራው ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላማ ማን ሊያቆመው። ጋሽ ሰይድ ባገኙኝ ቁጥር "ነገርካት?" ይሉኛል። "አዎ" ማለት አልቻልኩም፣ "አይ" ማለትም አፈርኩ። ስለዚህ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመርኩ። እንደ አባት የሚያዩኝን ሰው እንደ አበዳሪ እየሸሸሁ ኖርኩ፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲመለሱም አልሸኘኋቸውም። ለማንም አለመናገራቸውን ግን አውቃለሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ቢንያም ባለበት መኪና ውስጥ ግን አንድም ቀን አልገባችም። ለክርስትናው ጭቃውን እያቋረጠች በእግሯ ቀድማን ደረሰች። ናዝሬት ልትጠይቃቸው ስትሄድ በአውቶቡስ ነው፤ በመኪና ሊሸኟት ሲሉ "ልጁ ይቅር፣ እኔ በእግሬ" ትላለች። የአሮጊት አመል ነው ብለን ተውናት። ከሁሉ የሚብሰኝ ሌላ ነው። ያቺ በቤቷ ማንንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት፣ እኔ አንድ ነገር ገዝቼ ስገባ፣ ድስትም ይሁን መጥረጊያ፣ ሳትነካው በፊት "ደሬ፣ ልንካው?" ትለኝ ነበር። እኔም "ንኪው እንጂ፣ ምን ነካሽ" እላለሁ። ምን እንደነካት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ቢንያም ሥራውን ጨርሶ ጎማዎቹን መለሰ፣ ጋቢና ገባ። ሳላስበው በሩን ይዤ ቆምኩ።

"ሳትነሳ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጠው፤ እስኪጠነክር።"

"ፈረንጁም እንደዚያ ብሏል። ባልረግጠውስ?"

"ወለሉ ድረስ ይገባል።"

መርገጥ ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ እግሩን ገታ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። መኪና የሚያውቅ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ያን ዕለት ፔዳሉ ወለል ገባ አይደል የሚሉት?" አለኝ።

ሰዉ ተበትኗል። ነገርኩት። ሳላቋርጥ፣ ሳልቀመጥ፣ የመኪናውን በር እንደያዝኩ ነገርኩት። የጨረስኩ ሲመስለው ስልኩን አውጥቶ የእናቱን ቁጥር መታና አቀበለኝ። ለአስካለም እንደዚያው ነገርኳት።

"በእማዬ ሰልስት ቀን" አለች በመጨረሻ፣ "ሰው ትንሽ እንዲስቅ ብዬ ያንን ነገር ያወራሁት እኔ ነኝ። አንተ አጠገቤ ነበር የተቀመጥከው።"

"አዎ።"

"ስቀሃልም።"

"አዎ፣ ስቄያለሁ።"

ስልኩን ዘጋችው። ይኸው ሳምንት ሊሆን ነው፤ አልደወለችም፣ አልፈርድባትም። ቢንያም ከእንግዲህ ታሪኩን እንደሆነው እንደሚያወራው ነግሮኛል። ይሁን፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍም ወንበርም አልያዝ ብሎኝ፣ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን ነኝ። ብነግራት ይቅር ትለኝ ነበር ወይ ብዬ አይደለም። ይቅር እንደምትለኝማ ያኔም አውቅ ነበር፤ ገንፎውን ሳትጨርስ "እሰይ፣ እንኳን ሁሉም ደህና ሆነ" ብላ ትስመኝ ነበር። የማያስቀምጠኝ ሌላ ነው፤ እናቴ ባልሠራችው ነገር ለራሷ ይቅርታ ሳታደርግ ሞታለች፣ ያንን ይቅርታ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው የዞርኩት እኔ ነኝ።